አንዱ ሰዓት የሐኪሙ፣ ሁለቱ ሳምንት የቤተሰቡ

 

የዛሬው የቤት እንስሳት ዝግጅታችን ስለ ውሻ ማኮላሸት ነው። ገና ርእሱን ስናነሳ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ እንዳሉ እናውቃለን። «እግዜር የፈጠረውን ለምን?» የሚል አለ፤ «ምን በደለና?» የሚልም አለ። ይሁን እንጂ ሥራው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ወርዶ ሙክት የሚያማርጥ አባወራ የተኮላሸ በግ ወይም ፍየል እየመረጠ ነው። ለሥጋ የሚደልበው ሰንጋም፣ ቀንበር የሚሸከመው በሬም እንዲሁ ተኮላሽቷል። ገበሬው በሬው እንዲረጋ፣ ፍየሉ እንዲሰባ ሲል ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ድሮ በእንጨትና በድንጋይ ይቀጠቅጠው ነበር፤ በኋላ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቡርዲዞ የሚባለውን ትልቅ ጉጠት ይዞ መጣና የዘር ቧንቧውን ቆዳው ሳይቆረጥ ይጨመቅለት ጀመር።

የምንቸገረው ያ የቆየ እውቀት እንዳለ ወደ ውሻ ሲሻገር ነው። «እገሌ እጁ ጥሩ ነው፣ በጎቻችንን የሚሠራልን እሱ ነው፣ ውሻውንም ይሥራልን» የሚል ሰው አለ። ይህ አይሆንም። ለውሻ መቀጥቀጥም ሆነ ቡርዲዞ አይሠራም። የውሻ ማኮላሸት በሙሉ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ በሆነ ክፍል፣ በተማረ የእንስሳት ሐኪም እጅ የሚከናወን ቀዶ ሕክምና ነው። ያለ ማደንዘዣ ውሻን በገመድ አስሮ መቁረጥ ጭካኔ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሐኪሙ ግን ከውሻችሁ ጋር የሚቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ከ10 እስከ 14 ቀን የእናንተ ነው፤ የእማወራዋ፣ የልጆቹ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የዘበኛው። ጥሩ የተሠራ ስፌት በቤት ቸልተኝነት ሲበላሽ፣ ሰው ሐኪሙን ያማል። ስለዚህ ዛሬ ቀዶ ሕክምናውን ቶሎ አልፈን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ላይ እንቆያለን።

መጀመሪያ ግን፣ ለምን ይደረጋል?

ሴት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድራት ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ በየ6 ወይም በየ7 ወሩ ይመላለስባታል። ያን ሰሞን የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል፤ እንቅልፍ የለም። ካረገዘች እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች ማለት ነው። ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው መሯሯጥ ሲጀምሩ ወንድ ወንዱን ጎረቤትና ዘመድ ይወስዳል። ሴቶቹን የሚወስድ የለም። ቀጥሎ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ወንዝ ዳር፣ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ወይም ሩቅ ሰፈር ይጣላሉ። ማኮላሸትን ጭካኔ የሚለው ያው ሰው፣ ከረጢቱን ለቤት ሠራተኛዋ ሲያስይዝ ጭካኔ አይመስለውም።

በሕይወት የተረፉት መንገድ ላይ ያድጋሉ። ከተሞቻችን የመንገድ ውሻ ሲበዛ በመርዝ የማጥፋት የቆየ ልማድ ነበራቸው። ነገር ግን ምግብና መጠለያ ባለበት ቦታ አንዱ ውሻ ሲሞት ሌላው ይተካዋል፤ የሚተካው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክትባት ያላገኘ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት የሚተላለፍ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ያው ድርጅት መፍትሔ የሚለው ውሾችን በብዛት መከተብን ነው፤ ግድያ በሽታውን እንደማያቆመው ደጋግሞ ገልጿል። የመዋለድ ቁጥጥር ክትባቱን ያግዘዋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ያልተከተበ ቡችላ በሚጨመርበት ሰፈር ክትባት ማዳረስ ይከብዳል።

ለውሻዋ ራሷ የሚተርፋት ጥቅምም አለ። ያልመከኑ ሴት ውሾች ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ ድራቱ ባለፈ በሳምንታት ውስጥ ማህፀናቸው መግል ሊቋጥር ይችላል። ውሻዋ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሆዷ ያብጣል፤ ቶሎ ካልታከመች ትሞታለች። ማህፀኑ ከወጣ ይህ በሽታ የሚነሳበት ቦታ የለም። በወጣትነቷ የተሠራች ውሻ በጡት እጢ የመያዝ ዕድሏም ይቀንሳል። በወንዱ በኩል የዘር ፍሬ ካንሰር ይቀራል፣ በእርጅና የሚመጣው የፕሮስቴት እጢ እብጠትም ይቀንሳል። አንዱ የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ ሆድ ውስጥ የቀረበት ወንድ ውሻ ካላችሁ፣ ያ የቀረው ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ አትዘግዩ። በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚጋባ የብልት እጢም አለ፤ አበባ ጎመን መስሎ ብልት ላይ የሚወጣ፣ ደም የሚያንጠባጥብ። የመንገድ ውሻ በበዛበት አገር የተለመደ በሽታ ነው። በሽታው በዋናነት የሚጋባው በግንኙነት ስለሆነ፣ ለድራት የማይዞር ውሻ ብዙም አያገኘውም።

ጉዳቱንም ሳንደብቅ እንናገር። የተኮላሸ ውሻ በቀላሉ ይወፍራል። ከተሠሩት ሴቶች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ ተኝተው ሳሉ ሽንት ያመልጣቸዋል፤ በመድኃኒት የሚረዳ ቢሆንም ችግር ነው። እንደ ጀርመን ሼፐርድና ሮትዌይለር ያሉ ትልልቅ ዝርያዎች አጥንታቸው አድጎ ሳይጨርስ ከተኮላሹ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊከተላቸው ይችላል። በዓለም ላይም አሠራሩ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ የእንስሳት መጠለያዎች ለአሳዳጊ ከመስጠታቸው በፊት ማኮላሸት የተለመደ ሲሆን፣ ኖርዌይ ውስጥ ግን ሕጉ በቂ ምክንያት ሳይኖር የእንስሳን አካል ቆርጦ ማውጣትን ይከለክላል። እዚያ የምትኖሩ አድማጮቻችን አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ የሚያደርገውን እንዳለ ወስዳችሁ ከሐኪማችሁ ጋር አትሟገቱ። ኖርዌይ ውስጥ ግን በየመንደሩ ባለቤት የሌለው ውሻ አይርመሰመስም። እኔ በበኩሌ እንደኛ የግቢ በር በተከፈተ ቁጥር ውሻ ወጥቶ በሚዞርበት ከተማ፣ ለአብዛኛው ውሻ ጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ውሻዬ ጥበቃ ይተዋል ወይ? ሌባ ሲመጣ ዝም ይላል ወይ?» አይተውም። ግቢውን የሚጠብቀው አካባቢውን ስለለመደና የእኔ ነው ስለሚል ነው፤ ሲኮላሽ ይህ አይጠፋም። የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ አጥር መዝለሉ፣ በየግንቡ ሽንቱን መርጨቱ፣ ሌሎች ላይ መንጠላጠሉ ነው። በሌላ በኩል ከፍርሃት የተነሳ ሰው የሚነክስ ውሻን ማኮላሸት አያድነውም፤ እንዲያውም አንዳንዱን የበለጠ ፈሪ ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ያለ ውሻ ካላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ጠባዩን ለሐኪሙ በዝርዝር ንገሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

መቼ ይሁን? ለትንንሽና መካከለኛ ውሾች ከ6 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ጥሩ ነው። ለትልልቆቹ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ይሻላል። ድራት ላይ ያለች ውሻ የደም ሥሮቿ ስለሚያብጡ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፤ ድራቷ ካለፈ ሁለት ሦስት ወር ይቆይ። የወለደች ከሆነም ቡችሎቿ ጡት ትተው፣ ወተቷ ይድረቅ። ከወራቱ ደግሞ ክረምቱ አይመከርም። ሐምሌና ነሐሴ ግቢው ጭቃ ነው፣ ውሻው ይረጥባል፣ ቁስል እርጥበት አይወድም። የግድ ከሆነ የሚቀመጥበት ደረቅ ክፍል አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ጥቅምትና ኅዳር መልካም ነው፤ ሌሊቱ ስለሚበርድ ብቻ ብርድ ልብስ ጨምሩለት።

ሐኪም ስትመርጡ ለመጠየቅ አትፈሩ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪም ሲያሠለጥን ኖሯል፤ ጎንደርም ሌሎቹም ያሠለጥናሉ። ሆኖም የአገራችን የእንስሳት ሕክምና የተገነባው በከብቱ፣ በበጉና በፍየሉ ዙሪያ ነው፤ የውሻና የድመት ቀዶ ሕክምና ሁሉም ሐኪም በየቀኑ የሚሠራው አይደለም። ስለዚህ «ውሻ ላይ ይህን አዘውትረው ይሠራሉ? ማደንዘዣው ምንድን ነው? ለሕመሙስ ምን ይሰጡታል? ሌሊት ችግር ቢፈጠር በየትኛው ስልክ ላግኝዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው ሌላ ሐኪም ፈልጉ።

ከቀጠሮው በፊት ውሻው ይመርመር። መዥገር የሚወረው ውሻ በተለይ ደሙ ቢታይ ይበጃል፤ አንዳንድ በመዥገር የሚተላለፉ በሽታዎች ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ስለሚቀንሱ፣ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ቀዶ ሕክምና ላይ ደሙ አልቆም ሊለው ይችላል። የእብድ ውሻ ክትባት ካልወሰደም አስቀድሞ ይውሰድ።

የግቢ ውሾቻችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ብዙዎቹ ከበር ወጥተው አያውቁም፣ በገመድ መመራት አያውቁም፣ ቤት ውስጥ አድረው አያውቁም። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከሕመም ጋር ስናመጣበት ይሸበራል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አለማምዱት። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በገመድ አንሸራሽሩት። በኋላ በሚያገግምበት ክፍል ምግቡን አብሉት፣ እዚያው ይተኛ። እናም ወደ ሐኪም ስትወስዱት እሱ የሚያምነው ሰው አብሮ ይሂድ። በብዙ ቤት ያ ሰው ባለቤቱ አይደለም፤ የሚያበላው፣ ሌሊቱን አብሮት የሚያነጋው ዘበኛው ነው። ለግማሽ ቀን ሥራውን ትቶ ቢሄድ ለውሻውም ለሐኪሙም እረፍት ነው።

ውሻው ባዶ ሆዱን መሆን አለበት። በማደንዘዣ ላይ እያለ ቢያስመልስ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው ምግብ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ውሃ እስከ ማለዳው አይከለከልም። ለቡችላ ሰዓቱ ያጥራል፣ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ዋናው ነገር ለቤቱ ሰው ሁሉ መንገር ነው። እናትየው እራት ከልክላው ሳለ ልጁ ዳቦ ቢያቀብለው፣ ወይም ዘበኛው አዝኖለት አጥንት ቢወረውርለት ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ሳይነገር ከቀረ ደግሞ የባሰ ይመጣል።

የሚሠራው ሥራ ይህ ነው። በወንዱ ላይ ሐኪሙ ከዘር ፍሬው ከረጢት ፊት ለፊት ትንሽ ቀዶ፣ ሁለቱን ፍሬዎች አውጥቶ፣ የደም ሥሮቹን አስሮ ይሰፋል። በሴቷ ላይ ከእንብርቷ በታች ተከፍቶ እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ እጢዎችና ማህፀኑ ይወጣሉ፤ የሆዱ ግድግዳ፣ ከቆዳ ሥር ያለው ክፍልና ቆዳው በየተራ ይሰፋሉ። የሴቷ ሆድ የሚከፈት ስለሆነ ጊዜውም ዋጋውም ጥንቃቄውም ከወንዱ ይበልጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ውሻው ቤት ገብቷል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ለባለቤቱ ታስፈራለች። ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፣ ዓይኑ ፍዝዝ ይላል። ይህ የማደንዘዣው ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ይለቀዋል። መተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት ከነበረ አንድ ሁለት ቀን ደረቅ ሳል ያስለዋል። ጸጥ ባለ፣ ብዙ ብርሃን በሌለበት ክፍል፣ ወለል ላይ አስተኙት። ሶፋ ወይም አልጋ ላይ አይሁን፣ ይወድቃል። ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀት ስለሚቀንስ ከሥሩ ወፍራም ነገር አንጥፉ፣ ከላይ አልብሱት። ልጆችና ሌላ ውሻ ይራቁት። ቁልምጫ የለመደ ውሻ እንኳ ያን ምሽት ግራ ገብቶት ሊነክስ ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ሲነቃ ጥቂት ውሃ፣ ከዚያ ከወትሮው እራቱ ግማሹን ስጡት። ምን? እዚህ ላይ ቆም እንበል። አብዛኛው የግቢ ውሻ የሚበላው የቤቱን ትርፍራፊ ነው፤ ወጥ የነካ እንጀራ። ወጣችን ሽንኩርት በሽንኩርት ነው፣ ነጭ ሽንኩርትም አይቀርም። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ጤነኛው ውሻ በልቶት ሲኖር ስላየን ምንም አይመስለንም፤ ከቀዶ ሕክምና የወጣን፣ ደም የፈሰሰውን ውሻ በዚያ መመገብ ግን አይገባም። ሩዝ ቀቅሉ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው የሥጋ መረቅ አፍስሱበት፣ ብጣሽ ሥጋ ጨምሩበት። አጥንት ለጥቂት ቀን ይቅር። በማግስቱም ምግብ ካልቀመሰ ለሐኪሙ ደውሉ።

አሁን የሕመሙን ነገር። ሐኪሙ ለውሻ የተዘጋጀ ማስታገሻ ይሰጣችኋል፤ በሰዓቱና በመጠኑ ስጡት። ካለቀ ወይም ሐኪሙ ካልሰጣችሁ የሰው መድኃኒት ያለበትን መሳቢያችሁን አትክፈቱ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ያጠፋሉ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ሐኪም መጥኖ ካላዘዘ በስተቀር ጉበት ይጎዳል። «ለልጄ የሚሰጠው ለውሻው ምን ይለዋል?» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ውሻ ፈጅቷል።

ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በጥሩ ብርሃን እዩት፤ በጣታችሁ አትንኩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላ ማለት፣ ትንሽ ማበጥ፣ ከዳሩ በልዞ መታየት ያለ ነገር ነው። በወንዱ ላይ ባዶው ከረጢት ሊያብጥ ይችላል፤ «ሐኪሙ ሳያወጣው ቀረ እንዴ?» የሚያሰኝ ነው። በዚያው ቀን የተነሳ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ካለ በማግስቱ ማወዳደር ይቀላል።

ቁስሉ ላይ ምንም አትቀቡ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ምንም። ቅቤ፣ የተፈጨ ቡና፣ አመድ፣ ጨው፣ ሐምራዊው ጂቪ፣ ተከፍቶ የሚነሰነሰው የቴትራሳይክሊን እንክብል፣ አልኮል፣ አረቄም ጭምር። የተሰፋ ንጹሕ ቁስል የሚድነው ደረቅ ሆኖ ሲተው ነው። የተቀባ ነገር ውሻውን ለመላስ ይጋብዘዋል፣ የቀባንበት እጅም ጀርም ያወርሳል። አፈር ከነካው ብቻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ በቀስታ አባብሳችሁ አድርቁት። መታጠብ እስከ ስፌት መውጫው የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ጠላት የውሻው የራሱ ምላስ ነው። «ውሻ ቁስሉን ልሶ ያድናል» ሲባል ሰምተን አድገናል። የተሰፋ ቁስልን ግን ልሶ አያድንም። ሌሊቱን ሙሉ ልሶ ክሩን በጥርሱ ሊነቅል፣ ሆዱን ሊከፍት ይችላል። ለዚህ ነው አንገቱ ላይ የሚጠለቀው፣ ፊቱን ዙሪያውን የሚከልለው የፕላስቲክ አንገትጌ የሚታዘዘው። ሐኪሙ ዘንድ ካልተገኘ ከሚመጥን የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጦ፣ ስለታም ጠርዙን በጨርቅና በፕላስተር ሸፍኖ መሥራት ይቻላል። ከአፍንጫው ጫፍ ጥቂት ማለፍ አለበት፤ አንገቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ለሴቷ አሮጌ ካናቴራ ማልበስ ተጨማሪ ይሆናል፤ ሆኖም ጨርቁን ቦጭቃ የምትደርስበት አለችና ብቻውን አትመኑት። ውሻው ለአንድ ሁለት ቀን ከግድግዳ ጋር ይላተማል፣ አኩርፎ ይቀመጣል፣ የሚያሳዝን ዓይን ያሳያችኋል። አትታለሉ። «እኔ አጠገቡ ስላለሁ ላውልቅለት» የምትለዋ እማወራ ስልክ ልታነሳ ስትገባ ነው ስፌቱ የሚፈታው።

ዝንብን አንርሳ። ውጭ የሚያድር ውሻ ቁስል ላይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥላለች፣ በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይፈላል። ስለዚህ ቢያንስ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት በጋራዥ፣ በመጋዘን ወይም በማድ ቤት ጥግ፣ በየቀኑ በሚጠረግ ቦታ ይደር። ሽንትና ሰገራው ወዲያው ይነሳ።

ሰንሰለትም ሌላ ነው። ልማዳችን ቀን አስሮ ሌሊት መፍታት ነው። የተሰፋ ውሻ ሌሊት ከተፈታ አጥር ለአጥር እየሮጠ ከጎረቤት ውሻ ጋር ይጯጯሃል፣ ከዳር ሰፈር ከሆናችሁ ጅብ ሲሰማ ይዘላል። የሆድ ግድግዳ ስፌት ያን አይችልም። ቀን በሰንሰለት ቢታሰርም አንገትጌው ይጠላለፍበታል። ለሁለት ሳምንት ዘበኛው ያለ ውሻ ይጠብቅ፤ ደመወዙ የሚከፈለው ለእሱ ነው። ውሻው የሚወጣው ለሽንት ብቻ፣ በአጭር ገመድ ተይዞ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚዘናጋበትን ጊዜ ልጥቀስ፤ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ቀን በኋላ ያለውን። ሕመሙ ቀንሷል፣ ምግቡን ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ይፈነጥዛል። «ድኗል» ብለን እንፈታዋለን። አልዳነም። ቆዳው ለመያያዝ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፣ ከሥሩ ያለው የሆድ ጡንቻ ደግሞ ሳምንታት። ደኅና የሆነው ስሜቱ ብቻ ነው።

አስቸኳይ የሆነውን እንዴት እንለያለን? ድዱን እዩ። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው፤ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ነጣ ብሎ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ ጥቁር የሆነ ውሻ ካላችሁ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጣችሁ ውስጡን እዩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደኅና ሳለ አንድ ሁለት ጊዜ ብታዩት መልኩን ታውቁታላችሁ። ድዱ ከነጣ፣ ውሻው ከደከመ፣ ሆዱ ከተወጠረ በውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ተነሱ። ደም መንጠባጠቡን ካላቆመ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለ፣ እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ቀኑን ሙሉ ካልሸና፣ ትኩሳቱ ከ39.5 ካለፈ ደውሉ። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ በእጅ ዳሶ «አተኮሰው» ማለት አያስኬድም። ስፌቱ ተከፍቶ ከውስጥ የወጣ ነገር ካያችሁ መልሳችሁ ለማስገባት አትሞክሩ፤ በንጹሕ እርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁ፣ እንዳይልሰው አፉን ከልክላችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሁሉ በደኅና ካለፈ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ክሩ ይወጣል። አንዳንድ ክር ራሱ ይሟሟል፤ ቢሆንም ሐኪሙ አይቶት «ይበቃል» ይበል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ልማዱ ይመለሳል። የሚለወጠው ሳህኑ ነው። የተኮላሸ ውሻ የሚያስፈልገው ኃይል ስለሚቀንስ ምግቡ ሩብ ያህል ይቀነስ፤ ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ በእጃችሁ መታወቅ አለበት። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ተዘግቶ ውሻውም ከእኛ ጋር ከጾመ በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት የሰፈሩ አጥንት ሁሉ ለእሱ ሲከመር ልብ በሉ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ወንድ ውሻ በተሠራ ማግስት መካን አይሆንም። በቧንቧው ውስጥ የቀረ የዘር ፈሳሽ ስላለ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ይችላልና እስከዚያ ከሴት ይራቅ። ሁለተኛው፣ ማኮላሸት ክትባትን አይተካም። የተኮላሸም ውሻ በእብድ ውሻ ከተነከሰ በሽታው ሊይዘው፣ እሱም ሊያስተላልፈው ይችላል። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቀኑ ያለፈ ከሆነ አሳድሱ፤ ለውሻው ካርድ የሌለው ጎረቤት ካላችሁም ይዛችሁት ሂዱ።